ፕላዝማው ዝም ያለበት በጋ

ባለፈው ወር ለአክስቴ ልጅ ሰርግ አዳማ ሄጄ ስልኬ ከእጄ ወደቀና መስታወቱ ተሰነጠቀ። መናኸሪያው አካባቢ ያገኘሁት ጥገና ቤት ገባሁ። ሠራተኛው ስልኬን ተቀብሎ ወደ ጎን አስቀመጠና በእጁ የያዘውን ሥራ ሊጨርስ አንድ ጀርባው የተነፋ አሮጌ ቴሌቪዥን ሰካ። እንዲህ ያለ ቴሌቪዥን አሁንም የሚያስጠግን ሰው መኖሩ ገርሞኝ ሳልጨርስ ሽታው መጣ። ከጀርባው ቀዳዳዎች የሚወጣ፣ የከረመ አቧራ ሲሞቅ የሚሸተው ሽታ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን አፍንጫውን ይዞ ይወጣ ነበር። እኔ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

ሽታውን የማውቀው ከቴሌቪዥን ጀርባ ስላደግኩ ነው።

አጎቴ ሰይድ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። ከወሎ አብሯት አዳማ መጥቶ እኛው ቤት የኖረ፣ አንተ እያልኩት ያደግኩት ሰው። ሥራው ዛሬ የለም፤ ላልደረሰበት ሰው ማስረዳትም ያስቸግራል። ያኔ በየሰፈሩ ቪዲዮ ቤት ነበር። ቆርቆሮ የለበሰ ጨለማ ክፍል፣ የእንጨት አግዳሚዎች፣ ከፊት አንድ ቴሌቪዥን። የህንድ ፊልም ሲታይ ቋንቋውን የሚያውቅ ስለሌለ አንድ ሰው ማይክሮፎን ይዞ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ይቆምና የሚባለውን ሁሉ በአማርኛ ይናገራል። ያ ሰው አጎቴ ነበር። ሰፈሩ «ሰይድ ህንዱ» ነበር የሚለው።

ማይክሮፎኑ ላይ መሐረብ ይጠመጥማል፤ ለምን እንደሆነ ነግሮኝ አያውቅም። አባትየው ሲናገር ድምፁን ያወፍራል፣ ልጅቷ ስትናገር ያቀጥነዋል፣ ሲዘፈን ውኃ ይጠጣል። ክፉው ሰውዬ ሁልጊዜ የሞጆ ነጋዴ ነው። ቆንጆዋ የአቦምሳ ልጅ ናት። ፍቅረኛው የጠፋችበት ጎረምሳ ደግሞ «አዳሚ ቱሉ ድረስ በእግሬ ሄጄም ቢሆን አገኛታለሁ!» ብሎ ይፎክራል። ይህ ሁሉ ህንድ ፊልም ውስጥ ምን ሊሠራ ገባ ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም። እኔም አልጠየቅኩም። ህንዶች አገራችንን ጠንቅቀው ያውቃሉ ብዬ አምን ነበር፤ እንዲያውም እኮራበት ነበር።

ቅዳሜ ከወለንጪቲ ገበያ የመጡ ሰዎች የፊቱን አግዳሚ ይይዛሉ። ነገሩ ሲያመልጣቸው «ያ ሰይድ፣ ማል ጄቴ?» ብለው ይጮኻሉ፤ ሰይድ፣ ምን አለች ማለታቸው ነው። አጎቴ በኦሮምኛ ይደግምላቸዋል። ድጋሚው ከመጀመሪያው ይረዝማል፤ አንዳንዴም የማይገናኝ ነገር ይሆናል፤ ግን ማንም ቅር አይለውም።

ሴት ልጅ ቪዲዮ ቤት መቀመጥ እንደ ነውር ይታይ ስለነበር፣ ምሳውን ላደርስ ስሄድ የምቆየው ከቴሌቪዥኑ ጀርባ በመጋረጃ በተከለለችው ጠባብ ቦታ ነበር። ስለዚህ ፊልሙን አላየሁም። የአጎቴን ድምፅ እሰማለሁ፣ በመጋረጃው ቀዳዳ ደግሞ የሰዎቹን ፊት አያለሁ። ሰማያዊ ብርሃን የሚያበራው የጋሪ ነጂ ፊት ሲከፋው፣ ሲስቅ፣ አፉን ከፍቶ ሲቀር። በፊልሙ እናትየው መሞቷን የማውቀው ከእነሱ ፊት ነበር። ጎኔን የቴሌቪዥኑ ሙቀት ያሞቀኛል፤ ያ ሽታም በልብሴ ገብቶ ቤት ይከተለኛል። እናቴ «እሷ ደግሞ ተቃጥላ መጣች» ትላለች።

በዚያው ዘመን ዘጠነኛ ክፍል ገባሁ። ዘጠነኛ ማለት ፕላዝማ ማለት ነበር። ግድግዳው ላይ በብረት ፍርግርግ የተቆለፈ ሰፊ ስክሪን አለ፤ ትምህርቱ ከሩቅ ቦታ በሳተላይት ይመጣል፤ ሁሉም በእንግሊዝኛ ነው። የእንግሊዝኛዋ መምህርት ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች፣ ፊቷ የማይሰለች ሴት ነበረች። ከደቡብ አፍሪካ ናት ይባላል። ጥያቄ ትጠይቃለች፣ ትንሽ ትጠብቃለች፣ ከዚያ «ቬሪ ጉድ!» ትላለች። እኛ እኮ አፋችንን አልከፈትንም። የሆነ ሌላ ከተማ ውስጥ ለሷ የሚመልሱ ጎበዝ ልጆች አሉ፣ የምታመሰግነው እነሱን ነው ብዬ አስብ ነበር። በእነዚያ ልጆች በጣም ነበር የምቀናው። የኔን መማሪያ መጽሐፍ መስከረም ላይ በጋዜጣ ለብጬው እንደተለበጠ ነበር። እንግሊዝኛውን ተዉት፤ በአማርኛም ቢሆን መጽሐፍ ገልጬ የማነበው ተገድጄ ነው።

ክፍል ውስጥ ያሉት አስተማሪያችን ቲቸር ጽጌ ነበሩ። ወፍራም፣ ዝግተኛ፣ ነጭ ጋዋናቸው ላይ ጠመኔ የማይጠፋ ሴት። ፕላዝማው ከመጣ ወዲህ ሥራቸው ሳጥኑን መክፈትና መዝጋት ብቻ ሆኖ ነበር ማለት ይቻላል። ይህንንም በወግ ነበር የሚያደርጉት። ከቤታቸው ያመጡትን ጥልፍ ዳንቴል ስክሪኑ ላይ ያለብሱታል፤ ጠዋት ያነሡታል፣ አጥፈው ጠረጴዛቸው ላይ ያስቀምጡታል፣ ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ መልሰው ያለብሱታል። ልጆቹ ይስቁባቸው ነበር። እኛም ቤት ሬዲዮናችን ዳንቴል ስለነበረው ለኔ ነገሩ ትክክል ነበር።

ታኅሣሥ ውስጥ አንድ ቀን መብራት ሄዶ ሲመለስ ሳጥኑ ውስጥ አንድ ነገር ጧ አለ። ሥዕሉ መጣ፤ ድምፁ ቀረ። ሴትዮዋ ታወራለች፣ እጇን ታወናጭፋለች፣ ትስቃለች፤ ምንም አይሰማም። ከዚያ በፊት በነበረው ቀን ከኋላ የሚቀመጡት ወንዶች «ቬሪ ጉድ» ስትል እየተቀበሉ ሲያፌዙባት ነበር የዋሉት። እኔ ተቀይማን ነው ብዬ አሰብኩ። ለዚህ ቂልነት ዕድሜዬ ትንሽ አልፎ ነበር፤ ቢሆንም አሰብኩ። አዝኜላት ምሳዬን በደንብ አልበላሁም።

ርዕሰ መምህሩ ባለሙያ ይመጣል አሉ። ባለሙያው አልመጣም። ድምፅ የሌላት ሴትዮ እያወራች፣ ወንዶቹ ጠረጴዛ ላይ ተደፍተው እየተኙ ቀናት አለፉ። አንድ ጠዋት ቲቸር ጽጌ ዳንቴሉን አጥፈው አስቀመጡና እንደ ሁልጊዜው ወንበራቸው ላይ ከመቀመጥ ፊታችን ቆሙ።

«ምን እያለች ነው?» አሉ።

ወንዶቹ ከጠረጴዛው ቀና አሉ።

«እንግዲህ ድምፅ የላትም። ምን እያለች ይመስላችኋል?»

ከኋላ አንዱ «ራበኝ እያለች ነው ቲቸር!» አለ። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ቲቸር ጽጌ አልተቆጡም።

«ይሁን። ከራባት ምን እንደምትበላ፣ ማን እንደሚያበላት ጻፍልኝ። ሌሎቻችሁም ጻፉ። ግን አፏን እዩ። እሷ ስትጀምር ትጀምራላችሁ፣ ስታቆም ታቆማላችሁ። መጀመሪያ በመጣላችሁ ቋንቋ፣ በኦሮምኛም በአማርኛም፤ ኋላ ወደ እንግሊዝኛ አብረን እንወስደዋለን።»

እንደ ጨዋታ ተጀመረ። አንድ ሰው ከፕላዝማው አጠገብ ቆሞ የጻፈውን ያነብባል፤ እኛ አፏን እናያለን። እሷ አፏን ከዘጋች በኋላ አንባቢው ካልጨረሰ «ዘጋች! ዘጋች!» ብለን እንጮኻለን። ራበኝ ያለው ልጅ መጀመሪያ አነበበ። ሴትዮዋ ግን በዚያው ቅጽበት ወንዝ የተሣለበት ካርታ አወጣችና አሳፈረችው። ካርታ ይዞ የሚራብ ሰው የለም። ተናዶ ተቀመጠ፤ በማግስቱ መማሪያ መጽሐፉን ይዞ መጣ።

ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ነገ ምን ሥዕል እንደምታሳይ ለማወቅ ያለው መንገድ የነገውን ትምህርት ዛሬ ማንበብ ብቻ ነበር። ወንዝ ከሆነ ስለ ወንዝ፣ ንብ ከሆነ ስለ ንብ የሚባል ነገር ሊኖርህ ይገባል፤ ያለዚያ ካርታው ወጥቶ ያሳፍርሃል። ማንም አንብቡ አላለንም። የኔ መጽሐፍ ጋዜጣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ተቀደደ። ከመጽሐፉ አልፈን ላይብረሪ መግባት ጀመርን። የላይብረሪው ሠራተኛ መጀመሪያ ቀን ተሰልፈን ሲያዩን ልንረብሽ የመጣን መስሏቸው በር ላይ ቆመው አላስገባም ብለውን ነበር።

ተራዬ ሲደርስ እንደ አጎቴ አደረግኩት። ሌላ አላውቅማ። ሴትዮዋ ባልዲ የተሸከመች ልጅ ሥዕል ታሳይ ነበር። እኔ ባልዲዋን የአዋሽ ውኃ ሞላሁት፣ ልጅቷን ከወለንጪቲ አመጣኋት፣ ከመንገድ የሚጠብቃት አንድ ክፉ የሞጆ ነጋዴም ጨመርኩ። ድምፄን አወፈርኩ፣ አቀጠንኩ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ራበኝ ያለው ልጅ ሳይቀር አጨበጨበ። ቲቸር ጽጌም እየሳቁ «ይሄን ማን አስተማረሽ?» አሉኝ።

«አጎቴ ነው ቲቸር። ህንድኛ ይችላል።»

«ጎበዝ ነው። ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሴትዮዋ መሀል ላይ ቆማ ልጅቷን ዝም ብላ አይታታለች። አንቺ ያኔም ታወሪ ነበር። ዝምታዋን የት አደረግሽው?»

«ዝምታ ይጻፋል እንዴ ቲቸር?»

«አይጻፍም። ቦታ ይተውለታል።»

በጣም ተናደድኩባቸው። ያን ሁሉ ጭብጨባ አበላሹብኝ። ቤት ሄጄ ግን እንደገና ጻፍኩት፤ መሀል ላይ አንድ መስመር ባዶ ተውኩ። ባዶ መስመር መተው ከመጻፍ እንደሚከብድ ያን ቀን ነው ያወቅኩት።

ጥር ሲጋመስ የአዳማ ነፋስ ተነሣ። አቧራውን የተዘጋ መስኮት አይመልሰውም፤ ደብተራችን ላይ በጣት መጻፍ ይቻል ነበር። ባለሙያው በዚያ አቧራ ውስጥ ፊቱን በሻርፕ ጠቅልሎ መጣና የፕላዝማውን ድምፅ መለሰው። ሴትዮዋ «ጉድ ሞርኒንግ» ስትል ክፍሉ በሙሉ ተማረረ። እንደዚያ የተማረረ ክፍል አይቼ አላውቅም፤ ባለሙያው ምን እንዳጠፋ ግራ ገብቶት ዞር ዞር አለ። ቲቸር ጽጌ አመስግነው ሸኙት፣ በሩን ዘጉ፣ ሪሞቱን አንሥተው ድምፁን አጠፉት።

«መጀመሪያ እኛ፣ ቀጥሎ እሷ» አሉ።

ከዚያ ወዲህ እኛ አንብበን ስንጨርስ እሳቸው ድምፁን ይከፍታሉ፣ ክፍሉ ጆሮውን ያቆማል። ከጻፍነው እንግሊዝኛ አንዲት ቃል ከአፏ ስትወጣ ጎል የገባ ያህል ነበር የምንጮኸው። «ቬሪ ጉድ» ስትል አሁን ለማን እንደምትል አውቃለሁ። ለኛ ነበር።

የፕላዝማው ድምፅ በተመለሰ ሳምንት የአጎቴ ድምፅ ሄደ። አቧራው ነው ያሉ ነበሩ፤ ያን ሁሉ ዓመት የጮኸ ጉሮሮ ነው ያሉም ነበሩ። ሐኪሙ አይቶት በጋው እስኪያልቅ አንድ ቃል እንዳይናገር፣ በሹክሹክታም ቢሆን እንዳያወራ አስጠነቀቀው። ካልሰማ ድምፁ ጨርሶ ሊቀር ይችላል አለ። ቤታችን ያኔ ምን ያህል በእሱ ወሬ እንደሚሞላ ገባኝ። ሻይ ሲፈልግ ብርጭቆውን በማንኪያ ይመታል። እናቴ ታወራለታለች፤ እሱ ይስቃል፤ ሳቁም ድምፅ የለውም።

ቪዲዮ ቤቱ ያለ እሱ አልሆነም። አንድ ቀን እንዲሁ ያለ ተርጓሚ ፊልሙን ከፈቱት፤ ሰዉ ትንሽ ታገሠ፣ አጉረመረመ፣ ወጣ። የቤቱ ባለቤት አቶ ለገሰ እኛ ቤት መጡ። ክፉ ሰው አልነበሩም። ለእናቴ ነበር የሚነግሯት፤ ዓይናቸው ግን አጎቴ ላይ ነበር።

«ሰይድ ወንድሜ ነው። ግን ሰው የሚመጣው ቴሌቪዥኑን ብሎ አይደለም፣ አንቺም ታውቂዋለሽ። ለፊታችን ቅዳሜ የሚናገር ካላገኘሁ ከአዲስ አበባ ሌላ ሰው አስመጣለሁ። እሱ ከመጣ ደግሞ መልሶ ማስወጣት ያስቸግረኛል።»

 ሲሄዱ የአጎቴን እጅ ተመለከትኩት። ማይክሮፎን እንደያዘ አድርጎ ጨብጦት ነበር።

«እኔ እናገራለሁ» አልኩ። «አጎቴ የሚሉትን በጽሑፍ ይሰጠኛል፣ እገለብጠዋለሁ፣ አነብበዋለሁ። ክፍል ውስጥ የምንሠራው እሱኑ ነው።»

እናቴ «ወላሂ አይደረግም! ልጄ ወንድ መሀል ቆማ?» አለች። ምሽቱን ሙሉ አይደረግም ስትል ቆየች። አጎቴ በምልክት እንኳ አልለመናትም። ራቱን ሳይነካ ተነሥቶ ተኛ፤ እሷ ሳህኑን እያየች ቆየችና «እኔም እመጣለሁ፤ ብቻሽን አትቆሚም» አለችኝ።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ ከአጎቴ ጋር ባዶው ቪዲዮ ቤት ገባን። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ከቴሌቪዥኑ ፊት ተቀመጥኩ። ለቅዳሜ የተያዘው ፊልም ወላጅ ስለሌላቸው ወንድምና እህት ነበር። ወንድምየው እህቱን ሲያሳድግ፣ ሲለያዩ፣ ሲፈልጋት፣ በመጨረሻ ሲያገኛት። አጎቴ እርሳስና የካርቶን ቁራጭ ይዞ አጠገቤ ተቀመጠ። ሰዎቹ ሲናገሩ ፊልሙን አቆማለሁ፤ እሱ ያሉትን ይጽፍልኛል፤ እኔ ደብተሬ ላይ እገለብጣለሁ። ደስ ብሎኝ ነበር። እስከዚያ በአጎቴ ድምፅ ብቻ የማውቃቸው ሰዎች ፊታቸው ሲታይ ምንኛ ያምራሉ።

አንድ ቦታ ላይ ልጅቷ እያለቀሰች ስትናገር የጻፈልኝ መጨረሻው አልነበብ አለኝና ፊልሙን ወደ ኋላ መለስኩት። አጎቴ እንደገና ጻፈ።

«አጎዬ፣ ቅድም እኮ ‹ይቅር በለኝ› አለች ነው ያልከኝ። አሁን ‹ቤቱን ሽጠው› ትላለች?»

ጣሪያውን አየ።

እንደገና መለስኩት። ሦስተኛው ደግሞ ሌላ ነበር።

«አጎዬ… ህንድኛ ትችላለህ አይደል?»

ካርቶኑ ላይ ብዙ ጊዜ ቆየ። የጻፈው ግን አጭር ነው። «ናሂ» ማለት «አይሆንም» ማለት ነው፣ እሱን አውቃለሁ፤ ይላል። እሱንማ አዳማ ውስጥ የማያውቅ ማን አለ!

ተናደድኩ። አለቀስኩም። እነዚያ ሁሉ ሰዎች፣ እነዚያ ሁሉ ቅዳሜዎች፣ ያ የጋሪ ነጂ ፊት፤ ሁሉም ውሸት ሆነብኝ። ለክፍል ልጆችም፣ ለቲቸር ጽጌም አጎቴ ህንድኛ ይችላል ብዬ ተናግሬ ነበር። ደብተሬን ሰብስቤ ጥዬው ቤት ገባሁ። እሱም ተከትሎ ሊለምነኝ ድምፅ አልነበረውም።

ጠዋት ዳንቴሉን ሲያጥፉ ለቲቸር ጽጌ ነገርኳቸው። ይቆጣሉ ብዬ ነበር። እሳቸው ጋዋናቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ።

«አንዲት ቃል ሳያውቅ? ይህን ሁሉ ዓመት?» ዓይናቸውን በዳንቴሉ ጠረጉ። «ስሚ፣ ይህ ፕላዝማ ሳይበላሽ በፊት እኔ ሴትዮዋ የምትለውን ሁሉ እሰማ የነበረ መሰለሽ? በፍጥነት ነው የምታወራው፤ ግማሹ ያመልጠኝ ነበር። እናንተ ፊት ምን ላድርግ፣ ራሴን እነቀንቅ ነበር።»

 ያ የራስ ንቅነቃ ምን ያህል ያስፈራኝ እንደነበር!

«አጎትሽ ካላወቀ እንዴት ሰው ሲያለቅስለት ኖረ?»

አሰብኩ። «የተመልካቾቹን ፊት ያያል» አልኩ። እኔም ከመጋረጃው ጀርባ ሳይ የኖርኩት እሱኑ ነበር፤ የሚያዝኑበትን፣ የሚስቁበትን። እሱም ከጎን ቆሞ ያይ የነበረው ከፊልሙ ይልቅ እነሱን ነው።

«እንግዲያው አንቺም እይ። ቋንቋውን ስለማታውቂ ከሚያውቅ ሰው የበለጠ ማየት አለብሽ። ሂጂና ፊልሙን ደጋግመሽ እይው።»

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ተመለስኩ። አጎቴ በሩ ላይ ቁጭ ብሎ ነበር። አግዳሚው ላይ አጠገቤ ቦታ ተውኩለት። ፊልሙን ካርቶን ሳንይዝ አየነው። ልጅቷ ወንድሟን ስታይ እጇ ወዴት እንደሚሄድ፣ መቼ ምራቋን እንደምትውጥ፣ መቼ ዝም እንደምትል። የጻፍኩትን ሁሉ ሰርዤ እንደገና ጻፍኩ። የሞጆውን ነጋዴ ግን አልተውኩትም፤ እሱ ከሌለ ሰዉ ይከፋል።

ቅዳሜ ቤቱ ሞላ። እናቴ ጥቁር ሻርፗን ተከናንባ በሩ ሥር ተቀመጠች፤ ወንዶቹ በአክብሮት ሸሽተው ቦታ ሰጧት። አቶ ለገሰ እጃቸውን አጣምረው ቆመዋል። አጎቴ በመሐረብ የተጠመጠመውን ማይክሮፎን ሰጠኝና ከጎኔ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። መሐረቡ ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። እጅ ሲያልበው ያ ብረት ያንሸራትታል።

መጀመሪያ ወደ ደብተሬ አጎንብሼ አነበብኩ። ከፊት «ምን አለች? ጮክ በይ!» አሉ። ቀስ በቀስ ሄደልኝ። የሞጆው ነጋዴ ሲመጣ ሳቁ። ሲዘፈን ውኃ ጠጣሁ። ከስክሪኑ በሚመጣው ብርሃን ገጽ እየገለበጥኩ አነብባለሁ፣ አፋቸው ሲዘጋ እዘጋለሁ። ዘጋች ብሎ የጮኸብኝ የለም።

በፊልሙ ውስጥ ሠርግ ያለበት ቦታ ላይ ደረስን። ሙሽራዋ ስለምትለብሰው ልብስ ለመጻፍ ብዙ ደክሜ ነበር፤ እሱን እያነበብኩ ሰዉ መሳቅ ጀመረ። ቀና ስል ሲዲው ዘሎ ሠርጉን አልፎታል። በስክሪኑ ላይ አቧራ የለበሰ፣ ጢሙ ያደገ ወንድምየው በር ላይ ቆሟል፤ እህቱ ፊት ለፊቱ። እኔ ስለ ወርቅና ስለ ሐር አወራለሁ። ገጽ ገለበጥኩ፣ ሌላ ገለበጥኩ፤ አላገኘሁትም። ሳቁ ጨመረ። አቶ ለገሰ አንገታቸውን ደፉ።

ወደ አጎቴ አየሁ። መዳፉን ወደ ታች አደረገ፤ ቀስ፣ ዝም።

ደብተሩን አጠፍኩት። ምንም አላልኩም። ልጅቷ በራሷ ድምፅ፣ በራሷ ቋንቋ ተናገረች። ያ ቤት የልጅቷን ድምፅ ሰምቶት አያውቅም ነበር፤ ሁልጊዜ የአጎቴ ድምፅ ይሸፍነዋል። ሳቁ ቆመ። ከፊት አንድ ሽማግሌ «ማል ጄቴ?» አሉ፤ በጣም ቀስ ብለው። ምን እንዳለች አላውቅም። ሰዎቹን አየኋቸው፤ በብርሃኑ ውስጥ የሚጠብቁ ፊቶች። በሩ ሥር እናቴን አየኋት፣ ከንፈሯን ነክሳለች። ከጎኔ ግድግዳውን የተደገፈውን ሰው አየሁ። በስክሪኑ ላይ ልጅቷ እጇን ወንድሟ ደረት ላይ አደረገች።

ያን ጊዜ ማይክሮፎኑን ወደ አፌ አስጠጋሁ።

«ብዙ ተናገርክ፤ ደክሞሃል» አልኩ። «አሁን አንተ ተቀመጥ። ከዚህ በኋላ እኔ እናገራለሁ።»

ደግሜ በኦሮምኛ አልኩት፤ ለሽማግሌው።  የጋሪ ነጂዎቹ ፊት ተለወጠ፣ ያ ለዓመታት ከመጋረጃው ጀርባ የማውቀው ፊት ሆነ። አጎቴ ግድግዳውን ለቀቀ። ጎንበስ ብሎ በስክሪኑ ሥር አለፈና ከወለንጪቲ ሰዎች መሀል አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ሽማግሌው ሳያዩት ሸሸት አሉለት። የቀረውን ፊልም ሌላው ሰው እንደሚያየው ቁጭ ብሎ አየ፤ አለቀሰም።

ሲያልቅ ሽማግሌው «ገላቶሚ ኢንተላ ኮ» ብለው ራሴን ዳሰሱኝ፤ ልጄ፣ አመሰግናለሁ ማለታቸው ነው። አቶ ለገሰ የሚቀጥለውን ቅዳሜ ሲዲ አመጡና ለእኔ ሳይሆን ለአጎቴ በእጁ ሰጡት። ስለ አዲስ አበባው ሰው አንድም ነገር አላነሡም።

ወደ ቤት ስንሄድ ፀሐይዋ ገና አልገባችም፤ ነፋሱ አቧራውን መንገዱ ላይ ያሽከረክረዋል። እናቴ ቀድማናለች፤ መንገድ ላይ ያገኘችውን ሁሉ እያቆመች ስለ ልጅቷና ስለ ወንድሟ ትተርካለች። አጎቴ ማይክሮፎኑን የሚጠመጥምበትን መሐረብ አፉ ላይ ይዞ ከጎኔ ይሄዳል። ትንሽ ሄድን። ዙሪያውን አየና ሐኪሙ የከለከለውን ረስቶ፣ ወይም ሳይረሳው፣ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለ።

«እውነቱን ንገሪኝ» አለ በዚያ በተሰነጠቀ ሹክሹክታ። «ህንድኛ የት ተማርሽ?»